የቤት ፕላን ለአስተያየት ሲቀርብ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ 10 ሜትር በ20 ሜትር በሆነ ቦታ ላይ ለቤተሰቡ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሊሠራ የተነሣ ሰው፣ አርክቴክቱ የመጀመሪያውን የወለል ፕላን ባስረከበው ሳምንት ፕላኑን ለወንድም፣ ለእኅት፣ ለሥራ ባልደረባና ውጭ አገር ላለ ዘመድ ማሳየቱ አይቀርም። ማሳየቱ ተገቢ ነው፤ ወረቀት ላይ ያለን ግድግዳ ማንሣት በላጲስ የሚያልቅ ሥራ ሲሆን፣ የቆመን ብሎኬት ማፍረስ ግን ሲሚንቶውንም የሠራተኛውንም ቀን ይበላል። ችግሩ አብዛኛው ባለቤት አስተያየት የሚጠይቅበት መንገድ ጠቃሚ መልስ የማያመጣ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ጥያቄው ራሱ ነው። «እንዴት ነው? ያምራል?» ተብሎ የተጠየቀ እንግዳ፣ ቡና እየጠጣ ባለበት ቤት «ሳሎኑ ጨለማ ነው» ለማለት ይሉኝታው አይፈቅድለትም፤ «በሰላም ገብታችሁ ኑሩበት» ብሎ መርቆ ይሄዳል። ምርቃቱ ደስ ያሰኛል፤ ለአርክቴክቱ የሚወሰድ ነገር ግን የለውም። ይሉኝታን የሚያቀለው ጥያቄውን ከውበት ወደ ኑሮ ማዞር ነው። አያት ሌሊት ተነሥተው ሽንት ቤት ለመድረስ ስንት እርምጃ ይሄዳሉ፣ ስንትስ በር ይከፍታሉ? አንድ ኩንታል ጤፍ ከመኪና ወርዶ እስከ ማስቀመጫው በየት በኩል ይገባል? ሳሎን ውስጥ እንግዳ ተቀምጦ ሳለ ከሻወር የወጣ ልጅ ሳይታይ ወደ ክፍሉ መግባት ይችላል? ክርስትና ወይም ልቅሶ ቢመጣ ድንኳኑ የት ይተከላል፣ ድስቱስ የት ይጣዳል? እንዲህ የተጠየቀ ሰው ጣቱን ፕላኑ ላይ አሳርፎ መንገዱን መከተል ይጀምራል፤ የሚተቸው የባለቤቱን ምርጫ ሳይሆን የአያትን መንገድ ስለሆነም ሳይፈራ ይናገራል።

ሁለተኛው ስህተት ጎደሎ ሥዕል መላክ ነው። ብዙ ሰው ፕላኑን በስልክ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይልካል። በ1 ለ100 መጠነ ልኬት የተሣለ ፕላን፣ 1 ሴንቲ ሜትሩ 1 ሜትርን የሚወክለው፣ በትክክለኛ መጠኑ ሲታተም ብቻ ነው፤ በስልክ ስክሪን ላይ ልኬቱ ትርጉም ያጣል። ፎቶው የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ የሰሜን ቀስት፣ የቦታው ወሰንና መንገዱ ያለበት አቅጣጫ አብረው ይጠፋሉ፤ ተመልካቹም የቀረውን በግምት ይሞላል።

በዚሁ ላይ የቤት ዕቃው ጉዳይ አለ። ፕላን ላይ ያለው አልጋ አንዳንድ ጊዜ ከእውነተኛው አንሶ ይሣላል፤ ክፍሉም ሰፊ መስሎ ይታያል። የተጣራ ስፋቱ 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ መኝታ ቤት በስም በቂ ይመስላል፤ ነገር ግን 2 ሜትር ርዝመት ያለው አልጋ ራስጌው ግድግዳ ነክቶ ከተቀመጠና 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቁም ሣጥን ከግርጌው ፊት ለፊት ከቆመ፣ በመካከላቸው የሚቀረው 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በዚያ ክፍተት ቁመው በሩን ከፍተው ጋቢ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ከፕላኑ ጋር ያሉትንና የሚገዙትን ዕቃዎች ልክ ዘርዝሮ መስጠት ይገባል፤ በተለይ ሶፋውን፣ ቡፌውንና ፍሪጁን። ልኬቱ የብሎኬት ወይስ ከልስን በኋላ ያለው ስፋት መሆኑንም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በሁለቱም በኩል የሚጨመረው ልስን ከእያንዳንዱ ክፍል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይወስዳልና ጠባብ ኮሪደር ላይ ልዩነቱ ይታወቃል።

የሰሜን ቀስትን ካነሣን አይቀር፣ ፀሐይን ሳይጠቅሱ አስተያየት መጠየቅ ራሱን የቻለ ስህተት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ በሰሜን በኩል፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ታልፋለች። ሌሊቱ የሚበርደው ደግሞ በበጋ፣ ፀሐይ በደቡብ በኩል በምትሆንበት ወራት ነው። ስለሆነም ወደ ደቡብ የሚያይ የሳሎን መስኮት በኅዳርና በታኅሣሥ ቤቱን ያሞቃል፤ ወደ ምሥራቅ የሚያይ መኝታ ቤት ጧት ብርሃን ያገኛል፤ ወደ ምዕራብ የተከፈተ ትልቅ መስታወት ግን ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ የምትመጣውን ፀሐይ በቀላሉ አይከላከልም። ይኸው ምክር ድሬዳዋ ላይ ቢሰጥ ስህተት ይሆናል፤ እዚያ የሚፈለገው ጥላና ነፋስ ነው።

ይህም ወደ ውጭ አገር ዘመዶች አስተያየት ያመጣናል። ቨርጂኒያ የሚኖር ወንድም ማድ ቤቱና ሳሎኑ ያለ ግድግዳ እንዲገናኙ ይመክራል፤ ለቤቱ ገንዘብ የሚልከው እሱ ከሆነ ደግሞ ቃሉ ይከብዳል። ምክሩ በቅንነት የተሰጠና እሱ በሚኖርበት ቤት የሚሠራ ነው። ሆኖም እንጀራ በየሦስት ቀኑ በሚጋገርበት ቤት የምጣዱ እንፋሎት፣ የሚቁላላው ሽንኩርትና በርበሬ በሶፋውና በመጋረጃው ላይ እንደሚቀሩ ሊታሰብ ይገባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ዲያሜትሩ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የሚፈልገው ኃይልም ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ነው፤ ስለዚህ የራሱ መስመር፣ የራሱ ቦታና እንፋሎቱ የሚወጣበት መስኮት ያስፈልገዋል። ክፍቱን ማድ ቤት የሚፈልግ ይሥራው፤ ነገር ግን ምጣዱ በጓሮ በኩል ባለው ሰርቪስ ውስጥ ቦታ ማግኘቱን አስቀድሞ ያረጋግጥ።

በእኔ እምነት ከሁሉ የከፋው ስህተት ቤቱ ውስጥ የዕለት ሥራውን ከሚሠሩት ሰዎች አስተያየት አለመጠየቅ ነው። ፕላኑ ባንክ ለሚሠራው አጎት ይታያል፤ እንጀራ ለምትጋግረው፣ ልብስ ለምታጥበው፣ ሕፃኑን ለምትጠብቀው ግን አይታይም። ከእነርሱ የሚሰማው ነገር ሌላ ሰው የማያየው ነው፦ ሊጡ የሚቦካበት ቦታ እንደሌለ፣ ከማጠቢያው እስከ ልብስ ማስጫው ሳሎን አቋርጦ ማለፍ ግድ እንደሚሆን፣ የውጭው በር ሲንኳኳ ከማድ ቤት እንደማይሰማ። ፕላን ማንበብ የማይችል ሰው አስተያየት መስጠት አይችልም የሚል ግምት አለ፤ በሩንና መስኮቱን እያሳዩ በቃል ቢያስረዱት ይችላል።

ደረጃውን በወለል ፕላን ብቻ ማየትም ብዙዎችን ያሳስታል። ከወለል እስከ ወለል ያለው ከፍታ 3.06 ሜትር ቢሆንና የእያንዳንዱ እርከን ቁመት 17 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ቢፈለግ 18 እርከን ያስፈልጋል፤ የመጨረሻው መርገጫ የላይኛው ወለል ራሱ ስለሆነ፣ የቀሩት 17 መርገጫዎች እያንዳንዳቸው 28 ሴንቲ ሜትር ሆነው በአንድ ቀጥታ መስመር ቢሄዱ 4.76 ሜትር ርዝመት ይወስዳሉ። ፕላኑ ላይ የተቆጠሩት እርከኖች 14 ከሆኑ የእያንዳንዱ ቁመት ወደ 22 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባት በቀን ስንት ጊዜ ሊወጡት ይችላሉ? የቁልቁል ቆረጣውን ሥዕል፣ ማለትም ሴክሽኑን፣ ጨምሮ ማሳየት ይህንና ደረጃው ሥር የሚያልፍ ሰው ራሱን የሚመታ መሆን አለመሆኑን ያሳያል።

አንዳንዱ ጥያቄ ለወዳጅ ሳይሆን ለባለሙያ ነው። ቤቱ ላይ የሚሰቀል 2,000 ሊትር ታንከር ሲሞላ ውኃው ብቻ 2 ቶን ስለሚመዝን የሚቀመጥበትን ሶሌታ፣ ማለትም የኮንክሪት ወለል፣ የቤቱን ተሸካሚ አካላት የሚያሰላው የስትራክቸር መሐንዲስ ይወቀው። ከአጎራባች ወሰን መራቅ ያለበት ርቀት ደግሞ የግንባታ ፈቃድ በሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ይጠየቃል።

የጊዜው ስህተት ውድ ነው። አስተያየት የሚሰበሰበው የስትራክቸር፣ የሳኒተሪ (የውኃና የፍሳሽ መስመር) እና የኤሌክትሪክ ሥዕሎች ከመጀመራቸው በፊት መሆን አለበት፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሽንት ቤት ማዛወር የላይኛውንና የታችኛውን የቱቦ መውረጃ፣ ኮለኑንና ቢሙን፣ ማለትም ቋሚና አግዳሚ ተሸካሚዎቹን፣ ሊነካ ይችላል፤ ፈቃዱ ከወጣ ደግሞ ማሻሻያ ማስጸደቅ ሊጠይቅ ይችላል። በተጨማሪም ከአሥር ሰው የመጣን ሐሳብ አሥሩም ለአርክቴክቱ እየደወሉ እንዲነግሩት ማድረግ ፕላኑን ያበላሸዋል። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ሁሉንም በጽሑፍ ይሰብስብ፤ ሦስት ሰዎች ሳይመካከሩ ያነሡት ነገር በእርግጥም ችግር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ ከሁሉ በፊት ይታይ፤ አንድ ሰው ብቻ የተናገረው የቀለም ወይም የጣሪያ ቅርጽ ምርጫ ይቆይ። አርክቴክቱ «አይቻልም» ካለ ምክንያቱን መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው።

በመጨረሻም ወረቀቱ ላይ ብቻ መወሰን አይገባም። እሑድ ቀን ቤተሰቡ ወደ ባዶው ቦታ ሄዶ፣ ግንበኞች መሠረት ከመቆፈራቸው በፊት እንደሚያደርጉት፣ የምድር ወለሉን ክፍሎች በእውነተኛ ልካቸው በገመድና በኖራ ያስምር፤ በሮቹ የሚከፈቱበት ቦታ ባዶ ይተው። ልጆቹ በኮሪደሩ ይሩጡ፣ አያት «መኝታቸው» ውስጥ ወንበር ይዘው ይቀመጡ፣ ሁለት ሰዎች በማድ ቤቱ መስመር ውስጥ ትሪ ይዘው ይተላለፉ። የሚጋጩ ከሆነ ኖራውን በእግር አጥፍቶ ግማሽ ሜትር ወዲያ ማስመርና አዲሱን ልክ ለአርክቴክቱ መላክ ነው።