በቆሎን ከማሳ እስከ ማዕድ የሚያጎድሉ ስህተቶች

በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከሚመረቱት የእህል ዓይነቶች ሁሉ በመጠን ቀዳሚው በቆሎ ነው። ጤፍ የሚዘራበት መሬት የሰፋ ቢሆንም ከአንድ ሄክታር የሚታፈሰው ምርት የበቆሎን አያህልም። ጥንተ መገኛው ሜክሲኮ የሆነው ይህ ሰብል በአንዳንድ አካባቢ «የባሕር ማሽላ» የሚባለው ከባሕር ማዶ የመጣ በመሆኑ ነው፤ ዛሬ ግን በምዕራብ ጎጃም፣ በወለጋ፣ በጅማ፣ በሲዳማና በስምጥ ሸለቆ የእለት ጉርስ ከሆነ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን በቆሎን ልዩ እንክብካቤ እንደማይሻ፣ ሁሉን እንደሚችል ሰብል እናየዋለን። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኛዎቹ የሚመነጩት ከዚሁ አስተሳሰብ ነው።

በየዓመቱ የሚደጋገመው የመጀመሪያው ስህተት ከዲቃላ በቆሎ ምርት ላይ ለዘር ማስቀረት ነው። ከባኮ የምርምር ማዕከል የወጡት ቢኤች-540፣ ቢኤች-660 እና ቢኤች-661 ዲቃላ ዝርያዎች ናቸው፤ ብርታታቸውም የሚገኘው በጥንቃቄ ተለይተው የቆዩ ወላጆች በመዳቀላቸው ነው። ያ ብርታት ሙሉ ሆኖ የሚታየው በመጀመሪያው ትውልድ ብቻ ነው። ገበሬው ካመረተው ላይ ምርጥ የመሰለውን ራስ መርጦ በቀጣዩ ክረምት ቢዘራው፣ ቡቃያው ሲወጣ አንዱ ረጅም፣ ሌላው ድንክ፣ አንዱ ቀድሞ ያበበ፣ ሌላው የዘገየ ሆኖ ያገኘዋል፤ ምርቱም በግልጽ ያሽቆለቁላል። በዚያ ጊዜ «መሬቱ ደከመ» ወይም «ማዳበሪያው ውሸት ነው» ይባላል፤ ጥፋቱ ግን ቀድሞ የተፈጸመው ዘር ሲመረጥ ነው። ምርጥ ዘር በየዓመቱ መግዛት የማይችል አባወራ እንደ መልካሳ-2 ያለ ያልተዳቀለ ዝርያ ቢይዝ ይሻለዋል፤ ከዚህ ዓይነቱ ለጥቂት ዓመታት ዘር ማስቀረት ይቻላል። ዘሩን ግን ከማሳው ዳር ሳይሆን ከመሐሉ፣ በአውድማ ላይ ሳይሆን አገዳው ገና ቆሞ ሳለ፣ ከጤነኛ ተክሎች መምረጥ ያስፈልጋል፤ ማሳው ዳር ያለው በቆሎ የጎረቤቱን በቆሎ የአበባ ብናኝ ሲቀበል ይከርማልና።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ሁለተኛው ስህተት የጎረቤትን ምርት አይቶ የጎረቤትን ዝርያ መውሰድ ነው። ቢኤች-661 ከ1600 እስከ 2200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ረጅምና በቂ ዝናብ ባለበት አገር የሚስማማ ዝርያ ሲሆን፣ ለመድረስ አምስት ወር ያህል ይፈልጋል። ይህንኑ ዝናብ ቶሎ በሚያቋርጥበት ቆላ የዘራ ሰው ያማረ አገዳ ያያል፤ ነገር ግን በቆሎው በሚያብብበት ጊዜ ዝናቡ ይሄድበታል። በቆሎ ጥማትን ፈጽሞ የማይችለው ከማበቡ በፊትና በኋላ ባሉት ሁለት ሁለት ሳምንታት ነው። በዚያን ጊዜ ከራሱ ጫፍ የሚወጣው ፀጉር ከደረቀ ብናኙን አይቀበልም፤ አንድ ፀጉር የሚያፈራው አንድ ፍሬ ስለሆነ፣ ሲሸለቀቅ ጥርሱ እንደ ወላለቀ አፍ ክፍት ክፍት ያለ ራስ ይገኛል። ዝናቡ አጭር በሆነበት አገር አራት ወር ገደማ የሚበቃቸው የመልካሳ ዝርያዎች የተዘጋጁት ለዚሁ ነው።

ማዳበሪያን በሚመለከት በአጭሩ ልናገር። ዩሪያን በአንድ ጊዜ መጨረስ፣ ወይም በደረቅ አፈር ላይ በትኖ መሄድ ገንዘብን ለነፋስ መስጠት ነው፤ ያልተሸፈነ ዩሪያ ወደ አየር ይተናልና። በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ አረሙ ከተነሣ በኋላ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ ከአገዳው ትንሽ ራቅ አድርጎ መጨመርና ወዲያው አፈር ማልበስ ይገባል።

ተምችን ዘግይቶ ማየት ግን ሰፊ ማብራሪያ ይፈልጋል። የአሜሪካ መጤ ተምች በአፍሪካ መኖሩ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ በ2017 ኢትዮጵያ ገብቶ በጥቂት ወራት ውስጥ በቆሎ አብቃይ አካባቢዎችን አዳርሷል። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የሚመስል ነጣ ያለ መስመር፣ በጅራቱ አቅራቢያ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቋቁር ነጥቦች ስላሉት ከነባሩ ተምች ይለያል። ስህተቱ ቅጠሉ ተበጣጥሶ ከመንገድ እስኪታይ ድረስ መጠበቅ ነው። በዚያን ጊዜ ትሉ አድጎ፣ ተጠቅልሎ በሚወጣው የመሐል ቅጠል ውስጥ ተሸሽጎ፣ ሰጋቱራ በመሰለ ኩሱ በላዩ ላይ ስለሚደፍን መድኃኒቱ አይደርሰውም። ብዙዎች ቀትር ላይ ቅጠሉን ከላይ ከላይ ይረጫሉ፤ ትሉ ግን የሚበላው በአብዛኛው ሌሊት ነው። በየሦስትና በየአራት ቀኑ ማሳ ውስጥ ገብቶ የመሐሉን ቅጠል ገለጥ እያደረጉ ማየት፣ እንቁላሉንና ትንንሹን ትል በእጅ መጨፍለቅ፣ ርጭት የግድ ካስፈለገም በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ መሐሉ ማነጣጠር አዋጪ ነው። በእነዚያ ማለዳዎች ከአባቶቻቸው ኋላ እየተከተሉ እንቁላል የሚለቅሙ ልጆች ብዙ ማሳ አትርፈዋል።

በቆሎን በበቆሎ ላይ ያለ ፋታ መዝራትም አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም ያነግሣል። የአቀንጭራ ዘር ከአቧራ ያልተናነሰ ደቃቅ ሲሆን በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ሐምራዊ አበባው ከመሬት በላይ በሚታይበት ጊዜም ሥሩን ከበቆሎው ሥር ጋር አጣብቆ ብዙውን ጉዳት አድርሷል። ሳያፈራ መንቀልና መሬቱን በአኩሪ አተር ወይም በቦሎቄ ማፈራረቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጎተራው እንምጣ፤ በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ነው። በደንብ ያልደረቀ በቆሎ ማስገባት፣ በባዶ መሬት ላይ ማስጣትና ጆንያን በቀጥታ ወለል ላይ ማስቀመጥ ሻጋታን መጥራት ነው። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ በዚህ መርዝ የተበከለ በቆሎ የበሉ 125 ሰዎች ሞተዋል። መርዙ በመቀቀል፣ በመቁላትም ሆነ በመጋገር አይጠፋም፤ «አጥቤ፣ ቆልቼ እበላዋለሁ» ማለት ራስን ማታለል ነው። የሻገተውን ለላም መስጠትም መፍትሔ አይሆንም፤ መርዙ ከላሟ ወደ ወተቱ፣ ከወተቱም ወደ ሕፃኑ ይተላለፋል።

ድርቀቱን በጥርስ ሰብሮ መለካት የቆየ ልማድ ነው፤ ይሁንና ጥርስ ሁልጊዜ አይታመንም። ከዚህ የሚሻል፣ ምንም ወጪ የሌለው መለኪያ በየቤቱ አለ። ንጹሕና ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ይዘጋጃል፤ እስከ ሲሶው በቆሎ፣ በላዩም ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ይጨመርበታል። ክዳኑን ገጥሞ ለአንድ ደቂቃ በደንብ መናጥ፣ ከዚያም ሩብ ሰዓት ያህል ማሳረፍ ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ከቀረ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ጨው ካልተጣበቀም ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ እህል እርጥበቱ 13 በመቶና ከዚያ በታች ሊሆን ስለሚገባ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ መጨመሩ አይከፋም።

ይህ ልኬት ይበልጥ የሚያስፈልገው አየር የማያስገባውን ፒክስ ከረጢት ለሚጠቀሙ ነው። ከረጢቱ በውስጥ ሁለት የላስቲክ ሽፋን፣ በውጭ ደግሞ ተራውን ማዳበሪያ የሚመስል ጆንያ አለው፤ ነቀዙ ውስጥ ያለውን አየር ጨርሶ ስለሚታፈን ያለ መድኃኒት ይሞታል። እርጥብ እህል ከገባበት ግን መበላሸቱ አይቀርም፤ አንዲት የአይጥ ቀዳዳ፣ ወይም በየሳምንቱ እየፈቱ መቀነስም ሥራውን ከንቱ ያደርገዋል። ለእለት የሚበላውን ለብቻ ማስቀመጥ ይገባል። ከሁሉም በላይ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ የነቀዝ ክኒን ፈጽሞ አይቀመጥ። ክኒኑ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚያመነጨው ጋዝ ነቀዝን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ይገድላል፤ በአንድ ጆንያ በቆሎ ሰበብ ቤተሰብ ማጣት ሊታሰብ የማይገባ ኪሣራ ነው።

ማከማቸት ያልቻለ ሰው ዋጋ ሲወድቅ ለመሸጥ ይገደዳል። በ1994 ዓ.ም. በተከታታይ የተገኘው መልካም ምርት የበቆሎን ዋጋ እጅግ አውርዶት፣ ማጓጓዣውን እንኳ ስለማይሸፍን አንዳንዱ ገበሬ ሳይሰበስብ እስከ መተው ደርሶ ነበር፤ በ1995 ዓ.ም. ግን በድርቁ ምክንያት ሚሊዮኖች የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆኑ። የሁለቱ ዓመታት ልዩነት ጥሩ ጎተራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

በወጥ ቤት በኩል ዋናው ስህተት ሕፃንን በበቆሎ ገንፎ ወይም አጥሚት ብቻ ማሳደግ ነው። በቆሎ ያጠግባል፤ ነገር ግን ፕሮቲኑ ላይሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉት ንጥረ ነገሮች ያንሱታል። ኒያሲን የተባለው ቫይታሚንም በውስጡ ታስሮ ስለሚቀመጥ ሰውነት በቀላሉ አያገኘውም፤ በአንድ ወቅት በሰሜን ጣሊያንና በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች በቆሎን ብቻ ይበሉ የነበሩ ድሆችን ፔላግራ የተባለ በሽታ የፈጃቸው በዚሁ ምክንያት ነው። የሜክሲኮ ሰዎች በቆሎውን በኖራ ውኃ ቀቅለው ስለሚፈጩት ከዚህ ድነዋል። የእኛ መፍትሔ ደግሞ እጃችን ላይ ነው፤ በበቆሎው ላይ የጎደለውን ሽንብራ፣ አተር፣ ምስርና ቦሎቄ ይሞሉታል። ስለዚህ ለሕፃኑ ገንፎ የሚፈጨው በቆሎ ሲሰናዳ አንድ ሦስተኛውን ያህል የተቆላና የተከካ ጥራጥሬ መቀላቀል፣ እንጀራውንም ከሽሮ ጋር ማቅረብ ተገቢ ነው። ለዚህ ጉድለት ተብሎ የፕሮቲን ጥራቱ የተሻሻለ ቢኤችኪውፒዋይ-545 የተባለ ቢጫ በቆሎም በአገራችን ወጥቷል። ቢጫውን «የከብት ነው» ብሎ መናቅ ሌላው ስህተት ነው፤ ቢጫነቱ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቀለም ነውና።

በቆሎውን እስኪነጣ ማበጠርም ቡቃያ የሚወጣበትን የፍሬውን ክፍልና ገለባውን ይዞ ይሄዳል፤ ዘይቱና አብዛኛው ቫይታሚን ያለው በእነርሱ ውስጥ ነው። ሳይበጠር የተፈጨ ዱቄት ግን ዘይቱ ቶሎ ስለሚቆመጥጥ የወሩን በአንድ ጊዜ ማስፈጨት አይመከርም፤ የአንድ ወይም የሁለት ሳምንቱን ማስፈጨት ይበቃል። የበቆሎ እንጀራ በማግስቱ ይደርቃል፣ ይሰባበራል ብለው የተዉት ሰዎችም አብሲቱን አሳንሰው ሊሆን ይችላል። ከቦካው ሊጥ ላይ ጥቂት ቀንሶ በፈላ ውኃ እያማሰሉ እስኪጠና ማብሰል፣ ቀዝቀዝ ሲልም ወደ ሊጡ መልሶ እንደገና እስኪነፋ መጠበቅ፤ ጤፍ ከተገኘም እኩል ቢቀላቀልበት እንጀራው እስከ ማግስቱ ልስላሴውን ይዞ ይቆያል።