በረግረግ ሜዳ የሚበቅለውን የዱር ኦርኪድ እንዴት ፈልጎ ማግኘትና ከዘመዶቹ መለየት እንደሚቻል

በደቡብ እንግሊዝና በዌልስ፣ ከባሕሩ ማዶም በኔዘርላንድ፣ በቤልጂየምና በሰሜን ፈረንሳይ በሚገኙ ረግረጋማ ሜዳዎች ላይ፣ ሐምራዊ አበቦቹን በአንድ አገዳ ዙሪያ ጥቅጥቅ አድርጎ የሚያወጣ የዱር ኦርኪድ ይበቅላል። እንግሊዞች ሳውዘርን ማርሽ ኦርኪድ ይሉታል፤ የሳይንስ ስሙ ዳክቲሎራይዛ ፕሪተርሚሳ ነው። ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑን የገለጸው ጆርጅ ክላሪጅ ድሩስ የተባለ እንግሊዛዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሆን፣ ይህም የሆነው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ ከዘመዶቹ ጋር እየቀላቀለ ያልፈው ነበር። ዛሬም ብዙዎች ይቀላቅሉታል፤ ዋናው ምክንያት ደግሞ ፍለጋውን በአበባው ቀለም መጀመራቸው ነው። በዚህ ተክል ላይ ቀለም መታየት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ መሬቱ፣ ቀጥሎ አገዳውና ቅጠሉ፣ ከዚያም የአበባው ቅርጽ ይታያል፤ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎችም በዚሁ ቅደም ተከተል የተቀመጡ ናቸው።

ለሥራው ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ቦቲ ጫማ፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ አጭር ማስመሪያ፣ በደንብ የተቀረጸ እርሳስና የማስታወሻ ደብተር ይበቃሉ። መቆፈሪያ ግን ፈጽሞ አይያዝም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ አስረዳለሁ።

ደረጃ አንድ፦ ጊዜውን መምረጥ

ይህ ኦርኪድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከግንቦት መጨረሻ ገደማ እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ ያብባል። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ዳክቲሎራይዛ ኢንካርናታ ቀደም ብሎ በግንቦት ውስጥ ስለሚጀምር፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት የሚፈልግ ሰው በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ መካከል ቢሄድ ይሻላል። አበባዎቹ የሚከፈቱት ከታች ወደ ላይ ነው፤ ስለዚህ የታችኞቹ ጠውልገው የላይኞቹ እምቡጥ የሆኑበትን ተክል ትተው፣ በመካከል ላይ በደንብ የተከፈቱ አበቦች ያሉትን ይምረጡ።

ደረጃ ሁለት፦ መሬቱን ማንበብ

ረግረግ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ ተንከራትቶ የሚመለሰው ይህን ሳይለይ በመሄዱ ነው። ይህ ኦርኪድ የሚፈልገው በአውሮፓ ክረምት፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ቀዝቃዛ ወራት፣ ውሃ የሚተኛበት ወይም ውሃው ከመሬቱ ወለል ብዙም የማይርቅበት፣ አበባ በሚያወጣበት ወቅት ግን ሥሩ ሳይታፈን እርጥበት የሚያገኝበት፣ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ገላጣ ቦታ ነው። አፈሩ አሲድ የበዛበት መሆን የለበትም፤ ከገለልተኛ ጀምሮ ኖራ እስከሚበዛበት አፈር ድረስ ይስማማዋል። ጥቁር፣ አሲዳማና ድሃ አፈር ባለበት ሜዳ ላይ ተመሳሳይ አበባ ካገኙ፣ ያገኙት ዳክቲሎራይዛ ማኩላታ የተባለው ባለ ነጠብጣብ ቅጠል ዘመዱ ሊሆን ይችላል።

ቦታውን ለማወቅ አጎራባቾቹን ዕፅዋት መመልከት ይረዳል። ቄጠማው አጭርና ሳሳ ያለበት፣ ሣሩ ከጉልበት የማያልፍበት ሜዳ ተስፋ ይሰጣል። ሸምበቆ ከሰው ቁመት በላይ የበቀለበት ወይም የአኻያ ቁጥቋጦ መዝጋት የጀመረበት ቦታ ግን ለዚህ ተክል ጊዜው አልፎበታል፤ ኦርኪዱ ብርሃን ተሻምቶ የማሸነፍ አቅም የለውምና። ስለዚህም ከሰው እጅ ፈጽሞ ከራቀ ረግረግ ይልቅ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ዘግይቶ የሚታጨድ ወይም በልክ የሚጋጥ ሜዳ ላይ በብዛት ይገኛል። በእንግሊዝ፣ በካምብሪጅሺር የሚገኘው ዊከን ፌን የተባለው ጥብቅ ረግረግ፣ ሸምበቆና ቄጠማ ለዘመናት ሲታጨድበት የኖረ በመሆኑ፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በዌልስ ደግሞ በኬንፊግ የባሕር ዳርቻ፣ በአሸዋ ተረተሮች መካከል በእነዚያው ቀዝቃዛ ወራት ውሃ የሚይዙት ዝቅተኛ ቦታዎች የእነዚህ ኦርኪዶች መኖሪያ ናቸው።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ተክሉ ፋብሪካ በተወው መሬት ላይም መኖሩ ነው። የድንጋይ ከሰል የሚያነዱ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች አመዳቸውን የደፉባቸው ኩሬዎች ከዓመታት በኋላ በማርሽ ኦርኪዶች ተሸፍነው ተገኝተዋል። በሰሜን እንግሊዝ በቦልተን ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው ኖብ ኤንድ የተባለው ስፍራ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሶዳ ፋብሪካ ዝቃጭ የተከመረበት ነበር፤ ዛሬ ኦርኪዶች በብዛት ስለሚበቅሉበት በሕግ የተጠበቀ ቦታ ሆኗል። ምክንያቱን ማስተዋል ይገባል። አመዱም ሆነ ዝቃጩ ኖራነት አለው፤ ናይትሮጅን ግን የለውም ለማለት ያስደፍራል፤ ስለዚህ ኃይለኛ ሣር ቶሎ አይወርሰውም። እንደ አቧራ ቀላል የሆነው የኦርኪድ ዘር በነፋስ ተጉዞ ሲያርፍበት ተፎካካሪ አይገጥመውም። ለምለምና ማዳበሪያ የጠገበ የግጦሽ ሜዳ ላይ ይህን አበባ መፈለግ ጊዜ ማባከን የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ደረጃ ሦስት፦ አገዳውንና ቅጠሉን መመርመር

ተክሉን ሲያገኙ ወዲያው ወደ አበባው አይጎንበሱ። መጀመሪያ በዙሪያው ያለውን መሬት አይተው፣ ገና ቅጠል ብቻ ያወጡትን ትንንሽ ተክሎች እንዳይረግጡ እግርዎን የሚያሳርፉበትን ይምረጡ። ቁመቱን ይለኩ፤ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ነው። ቅጠሎቹ እንደ ጦር ጫፍ ረዘም ያሉ፣ ግራጫ የተቀላቀለበት አረንጓዴ ቀለም ያላቸው፣ በአብዛኛው ምንም ነጠብጣብ የሌለባቸው ናቸው። ጨለማ ቀለበት መሰል ምልክት በቅጠሉ ላይ የሚታይበት ዓይነትም አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ይህ የዚያው ዝርያ መልክ ስለሆነ ሊያሳስትዎ አይገባም።

ቀጥሎ አገዳውን በሁለት ጣት ቀስ ብለው ይጫኑት። ዳክቲሎራይዛ ኢንካርናታ ከሆነ ውስጡ ሰፊ ክፍት ስላለው እሺ ብሎ ይሰረጉዳል፤ ቅጠሎቹም ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ሆነው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ጫፋቸውም እንደ ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ባለ ነጠብጣብ ቅጠል የሆነው ዳክቲሎራይዛ ፉክሲ ደግሞ አገዳው ድፍን ነው። ከአበባው ቀለም ይልቅ ይህ የጣት ምርመራ እጅግ ይታመናል፤ በደመናማ ቀን ቀለም ያሳስታል፣ አገዳ ግን ያን ያህል አያሳስትም።

ደረጃ አራት፦ አበባውን በቅርብ ማየት

አሁን አጉሊ መነጽሩን ያውጡና አንድ አበባ ብቻ ይመልከቱ። ከላይ ያለው ክፍልና ሁለት የውስጥ አበባ ቅጠሎች ተጋጥመው እንደ ትንሽ ጣሪያ ይሆናሉ፤ ሁለቱ የውጭ ጎኖች ወደ ላይ ይዘረጋሉ፤ ከታች ያለው ሰፊው ቅጠል ከንፈር ይባላል። በፕሪተርሚሳ ይህ ከንፈር ሰፊና ጠፍጣፋ ያህል ነው፤ ሦስት ክፍሎቹም በጥልቀት አይለያዩም፤ መካከሉ ላይ ደቃቅ ነጥቦችና ሰረዞች ተሰብስበው ይታያሉ። ከከንፈሩ ኋላ ወደ ታች የሚወርደው ወፍራም ቱቦ ደግሞ በሌሎች አበቦች ዘንድ ማር የሚገኝበት ቦታ ነው፤ በዚህ አበባ ግን ባዶ ነው። ንቡ የሚገባው ተታሎ ነው።

ከአበባው ኋላ ያለውን፣ ወደፊት የዘር ፍሬ የሚሆነውን ቀጭን ክፍል ቢመለከቱ ተጠምዝዞ ያገኙታል። አበባው በእምቡጥነቱ ግልብጥ ሆኖ ይጀምርና በዚህ ጥምዘዛ 180 ዲግሪ ዞሮ ከንፈሩን ወደ ታች ያመጣል፤ ለንቡ ማረፊያ እንዲሆነው ማለት ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ እርጥብ የሣር ሜዳዎች ላይ የሚበቅለው ሳቲሪየም የተባለው የኦርኪድ ወገን ይህን አያደርግም። የእሱ ከንፈር ከላይ እንዳለ ይቀራል፣ ቱቦውም አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ሁለቱንም የማየት ዕድል ያለው ሰው ቢያስተያያቸው ብዙ ይማርበታል።

ቀጥሎ ያለውን ሙከራ በአንድ አበባ ላይ ብቻ ያድርጉት። ቻርልስ ዳርዊን በእንግሊዝ ኦርኪዶች ላይ ሠርቶት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1862 ያሳተመው ነው። የተቀረጸውን እርሳስ ጫፍ፣ ንብ ራሷን እንደምታስገባ አድርገው፣ ወደ ቱቦው አፍ ቀስ ብለው ያስገቡና ያውጡት። አንድ ወይም ሁለት ደቃቅ፣ ዱላ መሰል ነገሮች በእርሳሱ ላይ ተጣብቀው ቀጥ ብለው ቆመው ያገኛሉ። እነዚህ የአበባው ዱቄት የታጨቀባቸው ከረጢቶች ናቸው፤ ከሥራቸው ያለው ሙጫ አየር እንዳገኘው ይደርቃል። ሳይነኩ ይጠብቁ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ሲያልፍ፣ ቆመው የነበሩት ዱላዎች በራሳቸው ወደ ፊት ይተኛሉ። ቆመው ቢቀሩ ኖሮ በሚቀጥለው አበባ ዱቄቱ የወጣበትን ቦታ መልሰው ይመቱ ነበር፤ ስለተኙ ግን ዱቄት የሚቀበለውን፣ ዝቅ ብሎ የሚገኘውን ተለጣፊ ክፍል በትክክል ይነካሉ። ንቧ በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ወደ ሌላ ተክል ስለምትሻገር አበባው በራሱ ዱቄት የመዳቀሉ ዕድል ይቀንሳል። ይህን በዓይን አይቶ ያልተደነቀ ሰው የለም ብዬ አምናለሁ። ሲጨርሱም ዱቄቱን በጎረቤት ተክል አበባ ውስጥ በዚያው እርሳስ ያድርሱለት፤ ሙከራው ተክሉን ምንም አያጎድልበትም። ይህንኑ ሥራ በተፈጥሮ ከሚሠሩት መካከል ባምብልቢ የሚባሉት ወፍራምና ጸጉራም ንቦች ዋነኞቹ ናቸው።

ደረጃ አምስት፦ ከዘመዶቹ መለየት

እስካሁን የጻፉትን ማስታወሻ አሁን አንድ ላይ ያነጻጽሩት። የከንፈሩ ጎኖች ወደ ኋላ በጣም ስለታጠፉ አበባው ከፊት ሲታይ ጠባብ ከሆነ፣ አገዳውም ክፍት ከሆነ፣ ያገኙት ኢንካርናታን ነው፤ ቀለሙ ከፈዛዛ ሮዝ እስከ ሸክላ ቀይ ሊሆን ይችላል። ከንፈሩ ሦስት ቦታ በጥልቀት ከተከፈለና ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ፉክሲ ነው። ወደ ስኮትላንድና ሰሜን እንግሊዝ በሄዱ ቁጥር፣ ከንፈሩ እንደ ተጋደመ አራት ማዕዘን የሆነውና ቀለሙ ጠቆር ያለ ሐምራዊ የሆነው ዳክቲሎራይዛ ፑርፑሬላ የፕሪተርሚሳን ቦታ ይይዛል።

እንዲህም ሆኖ አንዳንዱ ተክል በየትኛውም መግለጫ ውስጥ አይገባም። ፕሪተርሚሳ ራሱ የመነጨው ከጥንታዊ መዳቀል ነው። የፉክሲና የኢንካርናታ ወገኖች እያንዳንዳቸው 40 ክሮሞዞም ሲኖራቸው፣ ከእነሱ የተገኘው ፕሪተርሚሳ 80 ክሮሞዞም ይዟል። የሁለቱንም ወላጆች መልክ በመጠኑ ማሳየቱ የሚጠበቅ ነው። ዛሬም ቢሆን ከፉክሲ ጋር በቀላሉ ይዳቀላል፤ ድቅሉም ከሁለቱም ወላጆቹ ይልቅ ረዥምና አበባው የበዛ ይሆናል። ከሌሎቹ ሁሉ ልቆ የቆመ፣ ቅጠሉ ላይ የደበዘዘ ነጠብጣብ ያለበት ተክል ካዩ ድቅል መሆኑን ይጠርጥሩ፤ በደብተርዎም ላይ በግድ ስም ከመስጠት ይልቅ ድቅል ሊሆን ይችላል ብለው ይጻፉ።

ደረጃ ስድስት፦ ከመሬት በታች ያለውን ሳይቆፍሩ ማወቅ

ከአፈሩ ሥር እንደ ጣት የተከፋፈሉ ሁለት ያበጡ ሥሮች አሉ። አንደኛው ባለፈው ዓመት የተጠራቀመው ስንቅ ሲሆን፣ የዘንድሮው አበባ የሚወጣው እሱን እየጨረሰ ነው፤ ስለዚህ በአበባ ወቅት የተጨማደደና የጠቆረ ይሆናል። ሌላው ነጣ ያለና ጠንካራ ሲሆን ለሚቀጥለው ዓመት እየተዘጋጀ ያለ ነው። በአበባ ጊዜ ተክሉን የሚነቅል ሰው የዘንድሮውን ብቻ ሳይሆን የከርሞውንም ይወስዳል።

ነቅሎ ቤት መትከልም መፍትሔ አይሆንም። የኦርኪድ ዘር በውስጡ ምንም ስንቅ የለውም። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኖኤል በርናር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 እንዳረጋገጠው፣ ዘሩ የሚበቅለው በአፈር ውስጥ የሚኖር ተስማሚ ፈንገስ ገብቶ ሲመግበው ብቻ ነው። ዳርዊን ኦርኪስ ማኩላታ ብሎ በጠራው የቅርብ ዘመድ አንድ የዘር ፍሬ ውስጥ 6,200 ያህል ዘር ቆጥሯል፤ በአንድ ተክል ላይ ደግሞ 186,300 እንደሚደርስ ገምቷል። ይህን ሁሉ ዘር እየበተነ ሜዳውን ያልሞላው አብዛኛው ዘር ፈንገሱን ሳያገኝ ስለሚቀር ነው። ፈንገሱ ባለበት ሜዳ ላይ ማዳበሪያ መበተን ወይም ቦይ ቆፍሮ ውሃውን ማጠንፈፍ፣ አንድ አበባ ሳይነኩ ኦርኪዶቹን ለማጥፋት ይበቃል። በብሪታንያም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1981 የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግ ያለ ባለ መሬቱ ፈቃድ ማናቸውንም የዱር ተክል መንቀል ይከለክላል።

ደረጃ ሰባት፦ መመዝገብ

ቀኑን፣ ቦታውን፣ ያበበውን አገዳ ብዛት፣ ውሃው ከመሬቱ ወለል ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በዙሪያው ያሉትን ዕፅዋትና የሣሩን ቁመት ይጻፉ። ፎቶ ሲያነሱ ሦስት ይሁኑ፦ አንድ አበባ ከፊት ለፊት ከማስመሪያ ጋር፣ አንድ ቅጠል፣ ሙሉው ተክል ከነሜዳው። በየማኅበራዊ ገጹ ላይ ትክክለኛውን ስፍራ ባያወጡ ይመረጣል፤ መረጃውን በአካባቢው ላሉ የዕፅዋት መዝጋቢዎች መስጠት ይበቃል። ሜዳው የእርስዎ ከሆነ ወይም የሚያጭደውን ሰው ካወቁት፣ ዘሩ በስሎ እስኪረግፍ ድረስ፣ ማለትም እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ማጨዱ እንዲዘገይ፣ የታጨደውም ሣር ከሜዳው ላይ ተጠርጎ እንዲወጣ ይንገሩ፤ እዚያው ከበሰበሰ አፈሩን ያወፍረዋል።

ቆጠራውም ቢያንስ ለጥቂት ዓመታት በዚያው ወቅት መደገም አለበት። ዘንድሮ ያበበ ተክል ስንቁ ካነሰ በሚቀጥለው ዓመት ቅጠል ብቻ ሊያወጣ ይችላል፤ አበባው ከመውጣቱ በፊት ያሉት የአውሮፓ ጸደይ ወራት ደረቅ መሆን ደግሞ የአበባውን ቁጥር በእጅጉ ይቀንሰዋል። የአንድ ዓመት ቁጥር ዝቅ ማለት ብቻውን ኦርኪዶቹ መጥፋታቸውን አያሳይም፤ የውሃው ከፍታና የሣሩ ቁመት አብረው ከተጻፉ ግን የለውጡን ምክንያት ማወቅ ይቻላል።