ኮምፒውተሩ የራሳችሁ ካልሆነ

ደብረ ብርሃንም ሁኑ መሐል ሜዳ፣ ብዙ ተማሪ ኮምፒውተር የሚለማመደው በሰው ማሽን ነው። የትምህርት ቤት ላብ፣ ኢንተርኔት ቤት፣ የጓደኛ ላፕቶፕ። እና ከኮዲንጉም ከዲዛይኑም በፊት ልመዱት የምለው አንድ ነገር ነው፦ ስትነሱ ፋይላችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ አካውንታችሁን ግን ከፍታችሁ እንዳትሄዱ።

ከፍላሽ እንጀምር። በየማሽኑ የሚሰካ ፍላሽ ቫይረስ መልቀሙ አይቀርም። በጣም አስቸጋሪው ፎልደሮቻችሁን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት (ፎልደር የሚመስል፣ ሲጫኑት ሌላ ነገር የሚከፍት ምልክት) የሚያስቀምጠው ነው፤ ያንን ሾርትከት ስትከፍቱት ቫይረሱን በገዛ እጃችሁ አስነሳችሁት ማለት ነው። «ፎርማት አድርገውና ተገላገል»፣ ማለትም ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፋው የሚል ሰው አይጠፋም፣ አትስሙት። ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው። መጀመሪያ ፍላሹን በአንቲቫይረስ ስካን አድርጉ፣ ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ዲፌንደር አብሮ ስለሚመጣ የሚገዛ ነገር የለም። ከዚያ ፍላሹን ከፍታችሁ ከላይ «ቪው» ውስጥ ገብታችሁ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ በሉት። አሁንም ካልታየ «ኦፕሽንስ» ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት አንሱ። ዶክመንታችሁን ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ፣ ሾርትከቶቹን አጥፉ።

መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፕ አይምርም። ወርድ በራሱ የሚያስቀምጠው ካልተቀየረ በየ10 ደቂቃው ነው፣ እሱን ከመጠበቅ አንቀጽ በጨረሳችሁ ቁጥር ኮንትሮልና ኤስ ተጫኑ።

የፋይል ስም ላይ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» ይቅርባችሁ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብላችሁ ከፊት ጻፉ፣ በቅደም ተከተል ራሱ ይደረደራል። በኢትዮጵያ ከሆነ በኢትዮጵያ፣ በፈረንጅ ከሆነ በፈረንጅ፣ አትደባልቁ። ኤክሴል ውስጥ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ የኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ ጳጉሜን 5ን 5/13/2017 ብላችሁ ብትጽፉ በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ማሽን ያለምንም ይሉኝታ ሜይ 13 አድርጎ ይቀበላችኋል።

ፍላሽ ብቻውን አይታመንም። ፋይል ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት በነጻ ይሰጣል። ዳታ ካጠራችሁ ትልልቁን ቪዲዮ ተዉት፣ የጻፋችሁትን ብቻ ጫኑ።

ብራውዘሩ «ፓስወርዱን ላስቀምጥ?» ሲላችሁ በሰው ማሽን ላይ መልሱ ሁልጊዜ እንቢ ነው። ቴሌግራም ከፍታችሁ ከነበረ ስልካችሁ ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን እዩ፣ የማታውቁት ማሽን ካለ አስወጡት። ቴሌግራም የሚልክላችሁን የመግቢያ ኮድ የምታውቁት ጓደኛ እንኳ ቢጠይቅ አትስጡ፣ ምናልባት የሚጽፈው አካውንቱን የሰረቀው ሌባ ነው። ሁለተኛ ፓስወርድም ጨምሩበት።

ከጅሩ ወይም ከመርሐቤቴ መጥታችሁ ቤት ተከራይታችሁ ለምትማሩ ደግሞ፣ ሲሙ አገር ቤት ባሉ አባታችሁ ስም ከሆነ ስልኩ የጠፋ ቀን ሲሙን ለማስተካት እሳቸው ከዚያ ድረስ መምጣታቸው ነው። ለበዓል ስትገናኙ በስማችሁ አዙሩት።