ማጅራት ገትር ስታክሙ ዶዝ ላይ የምትሰሯቸው ስህተቶች (ለኢንተርኖች፣ ከፋርማሲስታችሁ)

አንቲባዮቲኩን ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም በቀን አንዴ ማዘዝ። ኧረ በፈጠራችሁ! ይሄ እኮ ለሳንባ ምች ነው። የአንጎል የደም ስሮች ሴሎቻቸው ጥብቅ ብለው የተያያዙ ናቸው፣ እንደሌላው ሰውነት መድኃኒት ዝም ብሎ ሾልኮ አይገባም፣ በዛ ላይ ሴፍትሪያክሶን አብዛኛው ደም ውስጥ ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው የሚዞረው፣ የሚያልፈው ነፃ የሆነችው ትንሿ ብቻ ናት። ለአዋቂ 2 ግራም በየ12 ሰዓቱ ነው፣ አለቀ።

ይሄን በትክክል ጀምረው ደግሞ ሶስተኛው ቀን ላይ የሚቀንሱ አሉ፣ እነሱ ናቸው የሚያበሳጩኝ። አንዴ ራውንድ ላይ ለምን ቀነስከው ስለው አንዱ ሬዚደንት «ቁጭ ብሎ ሽሮ እየበላ ነው እኮ» አለኝ። እሰየው! ግን መድኃኒቱ ድሮም እንደልብ ይገባ የነበረው የአንጎሉ ሽፋን በበሽታው ስለተቆጣና ስለሳሳ ነው፣ ታካሚው በተሻለው ቁጥር በሩ እየተዘጋ ነው የሚሄደው፣ እና አንተ በሩ ሲጠብ ዶዙን ስትቀንስ የተረፈውን ባክቴሪያ ማን ይግደልልህ? እስከመጨረሻው ሙሉ ዶዝ፣ በደም ስር። ወደ ኪኒን ቀይሮ ወደ ቤት መላክም ያው ነው።

ዴክሳሜታሶንም (ስቴሮይዱ) ቁጣውን ስለሚያበርድ ቫንኮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ እንደልብ እንዳይገባ ያደርጋል። ዴክሳውን ተዉት አላልኩም፣ ከመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ትንሽ ቀደም ብሎ ወይም አብሮ ይሰጥ፣ ቫንኮማይሲኑ ላይ ግን አትሰስቱ።

ጄንታማይሲን (ሌላ አንቲባዮቲክ) በደም ስር ጨምሬያለሁ ብሎ መረጋጋት። ሲኤስኤፍ (አንጎልና ህብለ ሰረሰርን የከበበው ፈሳሽ) ውስጥ የሚደርሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ኤልፒ (ከጀርባ ፈሳሹን በመርፌ መቅዳት) እስኪሰራ አንቲባዮቲክ ማቆየት። አታቆዩ።

የአንጎል ቲቢን እንደ ሳንባ ቲቢ 6 ወር ላይ ማቆም፤ 12 ወር ነው። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አይሶናያዚድና ፓይራዚናማይድ ጥሩ አድርገው ይገባሉ፣ ሪፋምፒሲን ከነሱ በጣም ያነሰ፣ ኤታምቡቶል ደግሞ ቁጣው ከበረደ በኋላ እምብዛም፣ ስለዚህ ጉበቱ ተነካ ብላችሁ አይሶናያዚዱን ስታቆሙ ዋናውን እያወጣችሁ እንደሆነ እወቁና ቶሎ የምትመልሱበትን መንገድ አስቡ።

የካንሰር ዋርድ ያላችሁ፦ የካንሰር መድኃኒቱ ሜቶትሬክሴት ወደ አንጎል አልገባ ሲል በጀርባ በመርፌ ሲኤስኤፍ ውስጥ ይሰጣል፣ ሌላው የካንሰር መድኃኒት ቪንክሪስቲን ግን በጀርባ በፍጹም፣ ይገድላል። ሁለቱ አንድ ትሪ ላይ አይቀመጡ፣ ቪንክሪስቲኑም በሲሪንጅ ሳይሆን በትንሽ የግሉኮስ ከረጢት ተበጥብጦ ይምጣ፣ ከረጢት ይዞ ጀርባ የሚወጋ ሰው የለም።