የፕላስቲክ ትል ለባስ ዓሣ፦ አመራረጡና በመንጠቆ ላይ አሰካኩ

ባስ የሚባለውን አዳኝ ዓሣ በለስላሳ የፕላስቲክ ትል ማጥመድ በጀመርኩበት ሰሞን ጥፋቱ ሁሉ ከቀለሙ ይመስለኝ ነበር። አረንጓዴው አልሠራ ሲለኝ ጥቁሩን፣ ጥቁሩ አልሠራ ሲለኝ ሐምራዊውን እየሞከርኩ ሳጥኔን በቀለም ሞላሁት። ዓሦቹ ግን ትሉን ነካ አድርገው ይተዉታል፤ የያዙትም መሃል መንገድ ላይ ያመልጣሉ። አንድ ቀን ጥርት ካለ ውሃ ዳር ቆሜ ትሉን እግሬ ሥር ስጎትተው አየሁት። እንደ ትል መሳብ ቀርቶ እንደ እንዝርት ይሾራል። ክሩም አብሮት ተጠማዞ ነበር። ትሉን አውጥቼ ሳየው መንጠቆው ላይ ተጣሞ ተሰክቷል፤ ያን ሁሉ ወራት የምጥለው የተጣመመ ትል ነበር ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ሥራ ከምንም በላይ የምጨነቅለት ነገር ትሉ ቀጥ ብሎ መሰካቱ ነው። ከታች የጻፍኩትም በአብዛኛው በዚሁ ዙሪያ ነው።

ትሉን መምረጥ

ባስ የሚበላው እየነከሰ አይደለም። ሰፊ አፉን ድንገት ከፍቶ ውሃውን ከነምግቡ ወደ ውስጥ ይስበዋል። የሳበው ነገር ከእንጨት ወይም ከደረቅ ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ እንደሳበው ሁሉ ወዲያው ይተፋዋል። ለስላሳው ፕላስቲክ ግን አፉ ውስጥ ሲገባ ሥጋ ስለሚመስለው ትንሽ ይቆይበታል። ያቺ ትንሽ ቆይታ ለአጥማጁ ትልቅ ነገር ናት። የዚህ ማባበያ ታሪክም ከዚሁ ይጀምራል፤ ኒክ ክሪም የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ በኦሃዮ ግዛት በአክረን ከተማ ፕላስቲክ እያቀለጠ በትል ቅርጽ ካወጣ በኋላ ነው ለስላሳው ትል በባስ አጥማጆች ዘንድ የተስፋፋው።

ዛሬ የቅርጹ ዓይነት ተቆጥሮ አያልቅም። ጀማሪ የሚያስፈልገው ግን ሦስት ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው እንደ እርሳስ ቀጥ ያለ፣ ጨው የተቀላቀለበት፣ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ትል ነው። ጨዉ ስለሚያከብደው ያለ ተጨማሪ ክብደት ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ሲሰምጥም ሁለቱ ጫፎቹ ይንቀጠቀጣሉ። ሁለተኛው ጅራቱ እንደ ማጭድ የተቆለመመ ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ያለው ትል ነው። ጅራቱ በትንሽ እንቅስቃሴ ስለሚርገበገብ በድፍርስ ውሃና በምሽት ጥሩ ነው። ሦስተኛው መቆንጠጫና ቅርፊት ያለውን ትንሽ የውሃ እንስሳ፣ ክሬይፊሽን፣ የሚመስለው ነው። ክሬይፊሽ ባሉበት ውሃ ባስ አጥብቆ ስለሚፈልጋቸው ድንጋያማ ታች ላይ ከዚህ የሚሻል አላየሁም።

ስለ ቀለም ብዙ አልናገርም፤ ብዙ ጊዜዬን ወስዶብኛል። ውሃው ጥርት ካለ አረንጓዴና ቡናማ የተቀላቀለበትን፣ ከደፈረሰ ወይም ከጨለመ ጥቁርና ሰማያዊውን ይያዙ። ሁለቱ ይበቃሉ። መጠኑ ግን ከቀለሙ ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል። ውሃው ሲቀዘቅዝ፣ በተለይ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ፣ የባስ ሰውነት ስለሚዘገይ ትንሹን ትል በጣም ዝግ ብሎ መሳብ ይሻላል። ሲሞቅ ትልቁ ይወጣል።

መንጠቆ፣ ክብደትና ክር

ለቴክሳስ አሰካክ (ጫፉ በትሉ ውስጥ ለሚደበቅበት፣ ከታች ለምገልጸው) የሚሆነው መንጠቆ ከዓይኑ፣ ማለትም ክሩ ከሚታሰርበት ቀዳዳ፣ ሥር ሁለት ጊዜ የታጠፈ አንገት ያለው ነው። ያ እጥፋት የትሉን ራስ ይይዘዋል። የመንጠቆውን መጠን የሚያሳየውን ቁጥር ለመምረጥ (3/0፣ 4/0 እያለ ሲጨምር መንጠቆው ይተልቃል) ቀላሉ መነሻ ይህ ነው፦ ለ15 ሴንቲ ሜትር ትል 3/0፣ ለ18 ሴንቲ ሜትር 4/0፣ ለ25 ሴንቲ ሜትር 5/0።

ቁጥሩ ብቻ ግን አይበቃም። የትሉን ውፍረትም ከመንጠቆው ክፍተት፣ ማለትም ከጫፉ እስከ አንገቱ ካለው ርቀት ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። እኔ ይህን የተማርኩት ትልቅ ዓሣ ካጣሁ በኋላ ነው። ወፍራም ትል በጠባብ መንጠቆ ላይ ሰክቼ ጣልኩ፤ ዓሣው በኃይል ወሰደው፤ ዘንጉን ሳነሣ ለአፍታ ከበደኝና ባዶ ሆነ። ትሉን ስመለከተው በመንጠቆው ክፍተት ውስጥ ተጨማድዶ ጫፉን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። ጫፉ ከዓሣው አፍ ጋር ጨርሶ አልተገናኘም ነበር። ስለዚህ ትሉን ከመንጠቆው ጎን አስጠግተው ይዩት፤ ከትሉ ውፍረት በላይ ቢያንስ የግማሹን ያህል ባዶ ቦታ ካልቀረ ሰፋ ያለ መንጠቆ ይውሰዱ።

ክብደቱ የጥይት ቅርጽ ያለውና መሃሉ የተበሳ ነው። ከ5 እስከ 7 ግራም ያለው ለአብዛኛው ቦታ ይበቃል፤ ጥልቀት ወይም ነፋስ ካለ 10 ግራም። መመሪያዬ ታችውን ሊያሳውቀኝ ከሚችለው ሁሉ ቀላሉን መውሰድ ነው። ከሁለቱ ብረቶች፣ ከእርሳስና ከተንግስተን፣ ማንኛውን ልውሰድ ለሚል ሰው ተንግስተኑን እመክራለሁ። ተንግስተን በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 19.3 ግራም፣ እርሳስ ደግሞ 11.3 ግራም ስለሚመዝን፣ ክብደታቸው እኩል ሆኖ ተንግስተኑ በጣም ያንሳል። ጥንካሬውም የታችኛውን ድንጋይና ጭቃ ለይቶ ለእጅ ይነግራል። ከዚህ ሌላ እርሳስ የሚውጡ የውሃ ወፎች ይመረዛሉ፤ ብሪታንያ አብዛኞቹ ትንንሽ የእርሳስ ክብደቶች ለማጥመጃነት እንዳይሸጡ እ.ኤ.አ. በ1987 የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው።

ክሩ ከ5.5 እስከ 7 ኪሎ ግራም የሚችል ፍሎሮካርቦን (ውሃ ውስጥ ብዙም የማይታይ የፕላስቲክ ክር) ይሁን። ሣሩ በጣም በበዛበት ቦታ ብቻ ወፍራም የተጎነጎነ ክር ይሻላል።

የቴክሳስ አሰካክ

የዚህ አሰካክ ጥቅሙ የመንጠቆው ጫፍ በትሉ ውስጥ ስለሚደበቅ ሣርና እንጨት ሳይዘው ማለፉ ነው። ባስ የሚያደባውም እዚያው ሣርና እንጨት ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ክሩን በክብደቱ ቀዳዳ ያሳልፉ፤ ሹሉ ጫፍ ወደ ዘንጉ ይዙር። ከዚያ መንጠቆውን ፓሎማር በሚባለው ቋጠሮ ክሩ ላይ ያስሩት። ክሩን አጥፈው በዓይኑ ያሳልፉ፣ በታጠፈው ክር አንድ ጊዜ ቋጠሮ ያድርጉ፣ መንጠቆውን በቀለበቱ ውስጥ አሾልከው በምራቅ አርጥበው ቀስ ብለው ያጥብቁ። ያልረጠበ ፍሎሮካርቦን ሲጠብቅ ይግላል፤ የጋለ ክር ደግሞ ይበጠሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን።

ትሉን በግራ እጅ ይያዙና በደንብ ይመልከቱት። በርዝመቱ ላይ ከቅርጹ ማውጫ የቀረ ቀጭን መስመር አለ። ያ መስመር መንገድ ጠቋሚዎ ነው። የመንጠቆውን ጫፍ ከራሱ አናት፣ ልክ ከመሃሉ፣ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ያስገቡና በመስመሩ ላይ ያውጡት። ከመሃል ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ እዚህ ላይ ይተዉትና እንደገና ይጀምሩ፤ በራሱ ላይ የተጣመመው በኋላ በምንም አይቃናም።

መንጠቆውን ይሳቡት፤ ትሉ አንገቱ ላይ እየወጣ እስከ እጥፋቱ ይድረስ። ከዚያ መንጠቆውን ግማሽ ዙር ያዙሩት፤ ጫፉ ወደ ትሉ ሆድ ይመለከታል፣ ዓይኑም በትሉ ራስ ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ ያለው ልኬት ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እኔ ለወራት የተሳሳትኩትም እዚሁ ላይ ነው። ትሉን በክሩ አንጠልጥለው ይተዉት፤ በራሱ ክብደት ቀጥ ብሎ ይውረድ፤ መንጠቆው ከጎኑ ይተኛል። አይጎትቱት፣ አያጥፉት፣ ዝም ብለው ይዩት። የመንጠቆው ቁልምም የመጨረሻው ታች የሚነካበትን ቦታ በጥፍርዎ ምልክት ያድርጉ። ጫፉ መግባት ያለበት እዚያ ነው። ከዚያ በላይ ወደ ራሱ ተጠግቶ ከገባ ትሉ ይወጠራል፤ የተወጠረ ትል ደግሞ በሁለት ሦስት መወርወር ራሱ ላይ ተቀዶ ወደ ታች ይንሸራተታል። ከዚያ በታች ወደ ጅራቱ ከገባ ትርፍ ሥጋው ጉብታ ይሠራል፤ ጉብታው ውሃ እየመታው ትሉን ያሾረዋል። ሁለት ሚሊ ሜትር ስሕተት ለዓይን ምንም አይደለችም፤ በውሃ ውስጥ ግን ሁሉን ታበላሻለች።

ምልክቱን ካደረጉ በኋላ ትሉን እዚያ ቦታ ላይ በትንሹ አጥፈው ጫፉን ቀጥ አድርገው ይውጉት፤ በሌላው ወገን በመስመሩ ላይ ይውጣ። ትሉን ይልቀቁትና እንደገና ያንጠልጥሉት። ክሩ፣ የመንጠቆው አንገትና ትሉ በአንድ መስመር ላይ ካልሆኑ አውጥተው ይድገሙት። ያው ቀዳዳ ደጋግሞ ከተወጋ ስለሚሰፋ መንጠቆውን አይዝም፤ ስለዚህ ራሱን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው በአዲስ ቦታ ይጀምሩ። ትሉ ቢያጥር ዓሣው አይቆጥርም።

በመጨረሻ የወጣውን ጫፍ ከትሉ ቆዳ ሥር አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ መልሰው ይደብቁት። ጣትዎን ሲያሳልፉበት መያዝ የለበትም፤ ቆንጠጥ ሲያደርጉት ግን ወዲያው ብቅ ይበል።

ከመወርወርዎ በፊት እግርዎ ሥር አንድ ሁለት ሜትር ይጎትቱትና ይዩት። ከሾረ ይመልሱት። ስሕተቴን ካወቅኩ ወዲህ ይህን ሳላደርግ የወረወርኩበት ቀን የለም።

ክብደቱን ማሰር ወይስ መተው የሚለው ጥያቄ ብዙ ያከራክራል። በሣር ውስጥ ከሆነ ክብደቱ ከትሉ ተለይቶ እንዳይሄድ ያስሩት፤ በሌላ ቦታ ልቅ ይሁን፤ ትሉ የተፈጥሮ አወዳደቅ ይኖረዋል። ለማሰር ብዙዎች የጥርስ መጎርጎሪያ ስንጥር ቀዳዳው ውስጥ ሰክተው ይሰብራሉ። አልወደውም፤ ክሩን ይፍቀዋል፤ ክሩ መበጠሱን የሚያውቁትም ዓሣው ከሄደ በኋላ ነው። ትንሿ የጎማ ማቆሚያ ዋጋዋ ኢምንት ነው፤ እሷን ይጠቀሙ።

ሌሎች አሰካኮች

ዋኪ የሚባለው እጅግ ቀላል ነው። ቀጥ ያለውን ጨዋማ ትል መሃል ላይ ብቻ በትንሽ መንጠቆ መውጋት ነው፤ ክብደት የለውም። መሃሉ ቶሎ ስለሚቀደድ ትንሽ የጎማ ቀለበት በትሉ ላይ አስገብተው መንጠቆውን ከቀለበቱ ሥር ያሳልፉ። አንድ ትል ሦስትና አራት ዓሣ ያህል ይቆያል። ሣር በሌለበት ጥርት ባለ ውሃ ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም።

የካሮላይናው ደግሞ ከ14 እስከ 28 ግራም ክብደት፣ ከሥሩ ዶቃ፣ ከዚያ ተሽከርካሪ ማያያዣ፣ ከዚያም ከ45 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ክር ነው፤ በክሩ መጨረሻ ትሉ እንደ ቴክሳሱ ይሰካል። ሰፊና ጥልቅ ቦታን ፈጥኖ ለመፈተሽ ነው።

መሳብና መያዝ

ትሉ ታች እስኪያርፍ ይጠብቁ። ዘንጉን ቀስ ብለው ከፍ ያድርጉ፣ ትሉ ይነሣ፣ ከዚያ ዘንጉን እየመለሱ ልቅ የሆነውን ክር ይጠቅልሉ። አብዛኛው ዓሣ የሚወስደው ሲወድቅ ነው፤ ስለዚህ ሲወድቅ ክሩን በዓይን ይከተሉ። ምልክቱ ሁልጊዜ ጎላ ያለ ንዝረት አይደለም፤ ክሩ ወደ ጎን ሊሄድ፣ ወይም ክብደቱ ከእጅዎ ድንገት ሊጠፋ ይችላል።

ያን ጊዜ የዘንጉን ጫፍ ወደ ውሃው ዝቅ አድርገው ልቅ ክሩን ይጠቅልሉና በኃይል ወደ ላይ ይምቱ። ልቅ ክር እያለ የሚደረግ ምት ለዓሣው አይደርሰውም። እስኪውጠው ድረስ ጠብቁ የሚለውን ምክር ግን አልቀበልም። የዋጠ ዓሣ መንጠቆው ጉሮሮው ውስጥ ስለሚሰካ ቢለቁትም የመትረፍ ዕድሉ ይቀንሳል። በጥልቅ ከተሰካ ለማውጣት አይታገሉ፤ ክሩን አጠገቡ ቆርጠው ይልቀቁት።

አያያዝ

አንድ ጊዜ ከተለያየ ፕላስቲክ የተሠሩ ትሎችን በአንድ ሳጥን አድርጌ ፀሐይ ላይ ትቻቸው ነበር። ስከፍተው እርስ በርስ ቀልጠው የተያያዙ ነበሩ፤ የሳጥኑም ወለል ተበልቷል። የቪኒል ለስላሳ ፕላስቲክና በጣም የሚለጠጠው ሌላው ዓይነት አይስማሙም፤ ቀለማቸውም ይተላለፋል። ሁሉንም በመጣበት ከረጢት ያቆዩ። የተቀደደውን ትል ውሃ ውስጥ አይጣሉ፤ አይበሰብስም፤ ዓሣም ወፍም ይውጠዋል።

ከረጢት ውስጥ ታጥፎ የቆየ ትል ጠማማ ሆኖ ከወጣ አይጣሉት። የፈላ ውሃ በሰፊ ሳህን ያድርጉ፣ ትሉን ግማሽ ደቂቃ ያህል ያስገቡት፣ ሲለሰልስ አውጥተው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ቀጥ አድርገው አስተኝተው ቀዝቃዛ ውሃ ያፍስሱበት። ቅርጹ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ለመሰካት ዝግጁ ነው።