ክብደቱ ቀላል የሆነ የነፋስ ጀነሬተር በቋሚ ማግኔት እንዴት ይሰራል?

ጀነሬተር የሚከብደው በሚሰጠው ዋት ሳይሆን በሚጠይቀው የማዞር ኃይል ልክ ነው። 300 ዋት በደቂቃ 150 ዙር ከሚዞር ማሽን ለማውጣት፣ በደቂቃ 3000 ዙር ከሚዞረው 20 እጥፍ የማዞር ኃይል ያስፈልጋል። የነፋስ ክንፍ ደግሞ ዝግተኛ ነው። ማሽኑን ለማቅለል የሚቀረን ማግኔቶቹን ከመሃል አርቆ ሰፊ ዲስክ ላይ መደርደር፣ ከኮይሎቹ (ከተጠመጠሙት የሽቦ ጥቅሎች) ውስጥም የብረቱን እምብርት ማውጣት ነው። እዚህ የምናየው 24 ቮልት ባትሪ የሚሞላ ሲሆን፣ ሁለት የሚዞሩ የብረት ዲስኮችና በመሃላቸው በሬዚን (ደርቆ በሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) የተሞሉ፣ የማይዞሩ ኮይሎች አሉት።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንጨርስ፤ ሽቦ ከተጠመጠመ በኋላ የሚገኝ ስህተት መዳብ ያስጥላል። በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ 46 በ30 በ10 ሚሊ ሜትር የሆኑ 12 የኒዮዲሚየም ማግኔቶች፣ በመሃል 9 ኮይሎች ይሁኑ። ሦስት ሦስት ኮይል በተከታታይ ተያይዞ ሦስት ፌዝ (ተራ በተራ ከፍ ዝቅ የሚሉ ሦስት የኤሌክትሪክ መስመሮች) ይሰጣል። 12 ማግኔት 6 ጥንድ ዋልታ ስለሆነ በ150 ዙር 15 ኸርዝ እናገኛለን።

በሁለቱ ማግኔቶች ፊት መካከል 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲኖር የመስኩ ጥንካሬ ወደ 0.6 ቴስላ ይጠጋል። ይህ በማግኔቱ ስፋት ሲባዛ 0.00083 ዌበር ይሆናል፤ ይህ በአንድ ማግኔት ፊት የሚያልፈው የመስክ መጠን ነው። ባትሪው መሞላት የሚጀምርበት 25 ቮልት ላይ ዳዮዶቹ (ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) የሚወስዱትን 1.4 ቮልት ጨምሩ፤ 26.4 ይሆናል። ለ1.41 ሲካፈል በሁለት መስመር መካከል 18.7 ቮልት፣ ያ ለ1.73 ሲካፈል በአንድ ፌዝ 10.8፣ በአንድ ኮይል 3.6 ቮልት ይደርሳል። አሁን 3.6ን ለ(4.44 × 15 × 0.00083) አካፍሉ፤ 4.44 የቀመሩ ቋሚ ቁጥር፣ 15 ደግሞ ኸርዙ ነው። ውጤቱ በአንድ ኮይል 65 የሽቦ ጥምጥም ነው። ክንፋችሁ ፈጣን ከሆነ ጥምጥሙ ይቀንሳል፣ ሽቦው ይወፍራል።

ኮይሉን 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የኮምፔንሳቶ ቅርጽ ላይ፣ 1.25 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያላቸውን ሁለት የተቀቡ ሽቦዎች ጎን ለጎን ይዛችሁ ጠምጥሙ። ሁለት ቀጭን ሽቦ ከአንድ ወፍራም ይልቅ ለእጅ ይታዘዛል። ዘጠኙም በአንድ አቅጣጫ ይጠምጠሙ። ከዚያ በፋይበር ግላስ መሃል ደርድራችሁ ሬዚን አፍስሱ።

ዲስኩ ከብረት እንጂ ከአልሙኒየም አይሁን። ለክብደት ብሎ በአልሙኒየም መቀየር ብዙዎችን ያታልላል፤ ከአንዱ ማግኔት ወደ ጎረቤቱ የሚመለሰው መስክ ግን በብረት ውስጥ ማለፍ አለበት። 300 ሚሊ ሜትር ዲያሜትርና 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ 4.4 ኪሎ ይመዝናል። ማቅለል የሚቻለው ከማግኔቶቹ ቀለበት ወደ ውስጥ ያለውን ክፍል ነው፤ እዚያ መስክ ስለማያልፍ ቶርኖ ቤት መሃሉን አስበሱ። ከዲስኩ ጀርባ ምስማር አጥብቆ ከተያዘ ብረቱ ሳስቷል ማለት ነው። ዋልታውን አብዝቶ ማግኔቱን ማጥበብም ላሜራውን ያሳሳል፤ ለኔ ከሁሉም የሚያዋጣው የማቅለያ ዘዴ ይህ ነው።

ማግኔቶቹ ሰሜን፣ ደቡብ እየተፈራረቁ ይለጠፉ፤ በሁለቱ ዲስኮች ላይ ትይዩ የሚሆኑት ደግሞ መሳሳብ አለባቸው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ሁለት ዲስክ በእጅ አቀራርቡ ቢባል ጣት ይቆረጣል። ሦስት ረጃጅም ጥርሳም ዘንጎች በላዩ ዲስክ ውስጥ አስገብታችሁ፣ ዳዶዎቹን በእኩል እያዞራችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱት። ልብ ላይ የተገጠመ መሣሪያ ያለበት ሰው አይጠጋ። በሁለቱም ወገን በኮይሉና በማግኔቱ መካከል 1.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቅር።

የሦስቱን ፌዝ መጨረሻ በአንድ አስሩ፤ ነጻዎቹ ሦስት ጫፎች ወደ ሬክቲፋየር (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ለባትሪ ወደሚሆን ቀጥተኛ ወደሚቀይረው የዳዮዶች ስብስብ) ይሄዳሉ። ከማገናኘታችሁ በፊት ማሽኑን በእጅ በሴኮንድ አንድ ዙር አዙሩ፤ በማናቸውም ሁለት ጫፎች መካከል 7.5 ቮልት ገደማ መታየት አለበት። ሁለት ጥንዶች ካነሱ አንድ ኮይል ተገልብጦ ተገናኝቷል። ከዚያ ሦስቱንም ጫፎች አገናኝታችሁ አዙሩ፤ ሳይንገጫገጭ በእኩል መክበድ አለበት። ወደ ምሰሶው ሲወጣም ጫፎቹ እንደታሰሩ ይቆዩ፤ ባትሪው እስኪገናኝ ክንፉን የሚይዘው ፍሬን ይኸው ነው።