ኤክሴሉ ተከፈተ፣ ቀኑ ተገለበጠ

ፒያሳ ካለ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ አስመጪ ሦስት ፋይል ተቀበልኩ። አንዱ የመጋዘን መዝገብ ነው፤ አንዱ የባንክ ስቴትመንት፤ ሦስተኛው ከጣሊያን አቅራቢ የመጣ የዋጋ ዝርዝር። ሥራው ሦስቱን በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ አንብቦ ማገናኘት ነበር። ኮዱ አንድም ኤረር ሳያወጣ ጨረሰ። ጉዴም ከዚያ ጀመረ። ኤረር ቢያወጣ ኖሮ በዚያው ቀን እገላገል ነበር፤ ዝም ብሎ ስላለፈ ሁለት ቀን በላብኝ።

አንዳንዱ ቀን ልክ ነው፣ አንዳንዱ ተገልብጧል

የባንኩ ፋይል ላይ 13/04/2024 ኤፕሪል 13 ሆኖ ገባ። 05/04/2024 ግን ሜይ 4 ሆነ። መጀመሪያ ኮዴን ጠረጠርኩ። ለካ ነገሩ የተበላሸው እኔ ጋ ሳይደርስ ነው። ከባንኩ የወረደውን ሲኤስቪ (ሰንጠረዥን በተራ ጽሑፍ የሚይዝ ፋይል) አንድ ሰው በኤክሴል ከፍቶ ሴቭ አድርጎታል። ላፕቶፑ ደግሞ የአሜሪካ ሴቲንግ ላይ ነው፤ ወርን ያስቀድማል። 05/04ን ሜይ 4 ብሎ ወሰደው። 13ኛ ወር ስለማያውቅ 13/04ን እንደ ጽሑፍ ተወው።

ይህን ለማየት ኮድ አያስፈልግም። ኮለሙን ሰፋ አድርጋችሁ እዩት። ወደ ቀኝ የተጠጋው ቀን ሆኗል፣ ወደ ግራ የተጠጋው ጽሑፍ ሆኖ ቀርቷል።

የሚሻለው በኤክሴል ያልተነካውን ሲኤስቪ ማስላክ ነው። እሱ ከጠፋ ቀን ሆነው የገቡትን ወርና ቀናቸውን አቀያይሩ፤ ጽሑፍ የሆኑትን ቀን አስቀድማችሁ አንብቡ። ፓንዳስ (ሰንጠረዥ የሚያነብ የፓይተን ላይብረሪ፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ላይ ቀን ይቀድማል የሚለውን ዴይፈርስትን ብቻ አትመኑ፤ ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ፎርማቱን ራሳችሁ ጻፉለት፦ ቀን፣ ወር፣ ባለአራት አሃዝ ዓመት። ያልገጠመው ካለ ይጮኻል። ይጩኽ።

ሱቁ ሳይከፈት የተሸጠ ዕቃ

የመጋዘኑ መዝገብ ላይ ሽያጩ ከሰባት ዓመት በፊት ሆኖ ቁጭ አለ። ያኔ ሱቁ ራሱ አልነበረም። ምክንያቱን ገምታችኋል፦ መዝገቡ በኛ አቆጣጠር ነው። የሚያስቸግረው ማሽኑ አብዛኛውን ያለምንም ጥያቄ መቀበሉ ነው። ጥቅምት 29 ቀን 2016 ማለትም 29/02/2016 እንኳን አለፈ፤ በፈረንጁ 2016 ፌብሩዋሪ 29 ነበረዋ! በማግስቱ ያለው 30/02/2016 ግን ባዶ ሆነ። ጳጉሜ 5 ይባስ። ፎርማት ካልነገራችሁት 05/13/2016ን አይቶ ሜይ 13 ይላችኋል።

ስቶር ኪፐሩን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ቀን በኛ ነው በፈረንጅ?»

«በኛ ነው እንጂ! ከውጭ የመጣ ዕቃ ስቀበል ግን ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የምጽፈው።»

በአንድ ኮለም ሁለት አቆጣጠር! ደግነቱ መዝገቡ የአንድ ዓመት ነው። በኛና በነሱ መካከል ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ስላለ፣ ዓመቱ 2016 ወይም 2017 ከሆነ የኛ፣ 2023 ወይም 2024 ከሆነ የነሱ ብዬ ለየሁት። የረጅም ዓመታት መዝገብ ላይ ይህ አያዋጣም፤ የአቆጣጠር ኮለም ማስጨመር ግድ ነው።

መለወጫውን ላይብረሪ ሳትፈልጉ መጻፍ ትችላላችሁ። ከዓመቱ 1 ቀንሱና በ365 አባዙ። ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ቀሪውን ጥላችሁ ደምሩ። ወሩን በ30 አባዝታችሁ ደምሩ፣ ቀኑን ደምሩ፣ መጨረሻ ላይ 2765 ጨምሩ። ለጥቅምት 30 ቀን 2016፦ 735475 ሲደመር 504፣ 60፣ 30 እና 2765። 738834 ይመጣል። ይህን የቀን ቁጥርን ወደ ቀን ለሚለውጠው ለፓይተን ፍሮምኦርዲናል ስትሰጡት ኖቬምበር 10 ቀን 2023 ይላችኋል። መፈተሻችሁ መስከረም 1 ቀን 2016 ይሁን። ሴፕቴምበር 11 ካወጣ ተሳስታችኋል፤ 2015 ጳጉሜዋ 6 ስለነበረች መልሱ 12 ነው።

1,250 ዩሮ 1.25 ሲሆን

የፓኔል ቦርድ ዋጋ 1 ዩሮ ከ25 ሳንቲም ሆኖ ሲያይ ባለቤቱ «ሁሉንም ግዛልኝ» አለ። ጣሊያኖቹ ሺህን በነጥብ ይለያሉ፣ ሳንቲምን በኮማ። የነሱ 1.250 ለኛ ማሽን አንድ ነጥብ ሃያ አምስት ነው። 1.250,50 ደግሞ ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፣ ድምሩ ውስጥም አይገባም። ሲነበብ ዴሲማሉ ኮማ፣ የሺህ መለያው ነጥብ መሆኑን ንገሩት። ኮለሞቹ የተለያዩትም በነጠላ ሰረዝ ፈንታ በሴሚኮለን ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ነገር በአንድ ኮለም ታጭቆ ከመጣ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ሌሎች ቶሎ የሚፈቱ

ቀኑ 45000 ሆኖ ከመጣ አትደንግጡ። ኤክሴል ቀንን በቁጥር ነው የሚያስቀምጠው። ዲሴምበር 30 ቀን 1899ን ዜሮ ብላችሁ ቁጠሩ፤ 45000 ማርች 15 ቀን 2023 ነው። ሁሉም ቀን በአራት ዓመት ከአንድ ቀን ከተዛባ ፋይሉ በ1904 የሚጀምረው ዓይነት ነው፤ 1462 ደምሩ።

ስልክ ቁጥርና ቲን ቁጥር ከፊታቸው ያለው ዜሮ ከጠፋ፣ ኮለሙን ገና ሲነበብ ጽሑፍ ነው በሉት።

ሰዓትም አለ። ጥበቃው ጠዋት 2:30 ብሎ የፈረመው ለማሽኑ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ስድስት ሰዓት ጨምሩበት። ግን ማታ ተረካቢውም 2:30 ብሎ ይፈርማል፤ ቀንና ማታ የሚል ኮለም ካላስገባችሁ መደመሩ ብቻ አያወጣችሁም።